ዜል አም ዜ፦ በአልፕስ ሐይቅ ዳር ኪስ የማይጎዳ የስኪ ዕረፍት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ኅዳር ሲገባ ስልኬ ይበዛል። አንዱ ከፍራንክፈርት፣ አንዱ ከቪየና፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ እየደወለ የሚጠይቀኝ ያው ነው፦ «ያቺ በየዓመቱ የምትሄዱባት ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ለእኛም ትሆናለች? ምን ያህል ያስወጣል? ስኪ የማያውቅ ሰውስ ምን ይሠራል?» እኛ የምንኖረው ሙኒክ ነው፤ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ዜል አም ዜን ከለመድናት ሰንበትበት ብለናል። በስልክ ስመልስ ሁሌ የምዘነጋው ነገር ስለማይጠፋ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው ነው።

ዜል አም ዜ የት ናት? ለምንስ እሷን መረጣችሁ?

ኦስትሪያ ውስጥ፣ በሳልዝቡርግ ክፍለ ሀገር ናት። «ዜ» በጀርመንኛ ሐይቅ ማለት ነው። ሐይቁ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከተማዋ ምዕራቡ ዳር ላይ ቁጭ ብላለች። ከጀርባዋ 1965 ሜትር ከፍታ ያለው የሽሚተንሆሄ ተራራ አለ። በደቡብ በኩል፣ ከካፕሩን መንደር በላይ፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የማይለየው ባለ 3203 ሜትሩ ኪትስሽታይንሆርን ይታያል።

የመረጥናት መኪና ስለማታስፈልግ ነው። የባቡር መስመሩ ከ1875 ጀምሮ አለ፤ ጣቢያው ከውኃው አጠገብ ነው። ወደ ሽሚተንሆሄ የሚወጣው ኬብል ካር ሥራ የጀመረው በ1927 ነው። ከባቡር ወርዶ ሻንጣ እየጎተቱ ማረፊያ መድረስ፣ በማግስቱ በእግር ወይም በአውቶቡስ ተራራው ሥር መገኘት ይቻላል። በመኪና ብቻ የሚደረስባቸው ከፍ ያሉ የስኪ መንደሮችን ዋጋ አይታችሁ ከሆነ ይህ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ይገባችኋል።

ስኪ የሀብታም ነው ይባላል። እውነት በትንሽ ገንዘብ ይቻላል?

በትንሽ ገንዘብ አልልም፤ በልክ ይቻላል። ገንዘቡን የሚበላው ወደ ተራራው የሚያወጣው የሊፍት ትኬት ነው። ሰው በሚበዛበት ወቅት የአንድ ቀን የአዋቂ ትኬት ከ70 ዩሮ በላይ ነው። ትኬቱ ሽሚተንሆሄን፣ ኪትስሽታይንሆርንን፣ በተራራው ማዶ ያለውን ትልቁን የዛልባኽ አካባቢ ሁሉ የሚያካትት ከሆነ መንሸራተቻው ተደምሮ 408 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንግዳ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ «ከከፈልኩ አይቀር» ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ሊጨርሰው ይነሳል። ሦስተኛው ቀን ላይ ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል፤ የቀረው ትኬት ደግሞ ኪሱ ውስጥ ይቃጠላል።

እኛ ግማሽ ቀን ነው የምንንሸራተተው። ከቀትር ጀምሮ የሚሠራ ትኬት ከሙሉ ቀኑ ይረክሳል። ጠዋት ለሐይቁ፣ ከቀትር በኋላ ለተራራው። ጠዋት ሁሉም ሰው ኪራይ ቤቱና ኬብል ካሩ ጋ ሲሰለፍ እኛ ሐይቅ ዳር ቡናችንን እየጠጣን ነው፤ እኛ ስንወጣ ሰልፉ ሟሙቷል። ሊፍቶቹ እስከ አመሻሹ 10 ሰዓት ገደማ ስለሚሠሩ፣ ለልጅና ለጀማሪ ያ ከበቂ በላይ ነው። በየሁለት ቀኑ አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ስኪ አናደርግም። ዘና ማለቱና ገንዘብ መቆጠቡ እዚህ አንድ መንገድ ናቸው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ሌላው ወጪ የሚቀንሰው ምግብ ነው። ተራራ ላይ ያሉ ምግብ ቤቶች ውድ ናቸው። ማብሰያ ያለው ቤት ተከራይታችሁ ምሳ በልታችሁ ውጡ።

መቼ እንሂድ?

ከገና በኋላ። የእኛን ገና ማለቴ ነው። በኦስትሪያ ጥር 6 የሕዝብ በዓል ነው፤ ከፈረንጆቹ ገና ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ቤቱም ትኬቱም ጣራ ነክቶ ይሰነብታል። በማግስቱ፣ ጥር 7፣ የእኛ ገና ነው። እነሱ ዕቃቸውን ጭነው ሲመለሱ እኛ ጾማችንን ፈትተን፣ ዶሯችንን በልተን እንነሳለን። ከዚያ እስከ ጥር መጨረሻ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ዋጋው ይወርዳል፤ በረዶውም እንደ ባዘቶ የሳሳና የለሰለሰ ነው።

የካቲት የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ስለሆነ እንደገና ይወደዳል። መጋቢት ቀኑ ይረዝማል፣ ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ግን ከተማዋ 757 ሜትር ላይ ስለሆነች ታች ያለው በረዶ ከሰዓት በኋላ ይረጥባል።

በረዶ ባይኖርስ?

ሐይቁ ዳር ላይኖር ይችላል፤ አትደንግጡ። በሽሚተንሆሄ በረዶ የሚሠሩ መሣሪያዎች በየመንሸራተቻው ተተክለዋል። እሱም ካልሆነ ኪትስሽታይንሆርን ላይ ሊፍቱ እስከ 3029 ሜትር ያወጣል። እዚያ በረዶ ግግር ላይ ስኪ የተጀመረው በ1965 ነው፤ በኦስትሪያ የመጀመሪያው ነበር። የታችኛው ዝናብ ሲሆን የላይኛው በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የት እንረፍ?

ሦስት ቦታ አስቡ። መሐል ከተማው ለሁሉም ቅርብ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ሹትዶርፍ ከሐይቁ በስተደቡብ ያለ ሠፈር ነው፤ አራይትባን የሚባለው ኬብል ካር ከዚያው ስለሚነሳ ስኪን ለሚያስቀድም ይመቻል። ቱመርስባኽ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ፣ ምሥራቁ ዳር ላይ ናት።

እኔ የምወደው ቱመርስባኽን ነው። ሽሚተንሆሄ ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለቆመ ጥር ላይ ፀሐይ ከተማዋን ቶሎ ትሰናበታለች፤ ጥላው መጀመሪያ ከተማዋን፣ ቀስ እያለ ውኃውን ይሸፍናል። ማዶ ቱመርስባኽ ላይ ግን ቆየት ትላለች። አንድ ቀን ከዚያ ሆኜ ጥላው በሐይቁ ላይ ሲመጣ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ እግሬ ጋ እስኪደርስ አልተነሳሁም። መንሸራተቻ ስለሌላት ጸጥ ያለች ናት፤ ወደ ኬብል ካሩ በአውቶቡስ መሄድ ግን ግዴታ ነው።

ቤት ስትከራዩ «ሐይቅ አጠገብ» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። እኛ የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ የተባለ ቤት ይዘን፣ ሐይቁ የሚታየው ከዳገት ላይ በሩቁ ሆኖ አገኘነው፤ ልጅ አዝሎ፣ ሻንጣ ይዞ በረዶ ላይ ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅን። አድራሻውን ካርታ ላይ ፈልጉ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቁ። በአዳር የሚከፈለው የእንግዳ ግብርና የጽዳት ክፍያው በዋጋው ውስጥ መሆኑንም አብራችሁ ጠይቁ።

እንዴት እንደርሳለን?

በባቡር። ከሳልዝቡርግ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጀርመን የምትኖሩ፣ የዶይችላንድ ቲኬትም ሆነ የባየርን ቲኬት እስከ ሳልዝቡርግ ዋና ጣቢያ ድረስ እንደሚሠራ እወቁ፤ ብዙ ሰው ድንበሩ ላይ የሚያበቃ ይመስለዋል። ከቪየና የምትነሱ ደግሞ የኦስትሪያ ምድር ባቡር «ሽፓርሺነ» የሚለውን የቅናሽ ትኬት ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ከሳልዝቡርግ ወዲያ ያለውን ጉዞ በተመለከተ ጥሩ ነገር መጥቷል። ከግንቦት 2025 ጀምሮ በሳልዝቡርግ ክፍለ ሀገር የሚያድር እንግዳ በክፍለ ሀገሩ ውስጥ በባቡርና በአውቶቡስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሄድበት የእንግዳ ትኬት አለ። የሚሰጣችሁ ያከራያችሁ ሰው ነውና ከመነሳታችሁ በፊት እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ የመድረሻና የመመለሻ ቀናችሁንም ይጨምራል።

በመኪና የምትሄዱ የክረምት ጎማ አድርጉ። ከኅዳር 1 እስከ ሚያዝያ 15 መንገዱ በረዶ ሲሆን ሕጉ ያስገድዳል።

እናቴን ከአዲስ አበባ ልወስዳት እፈልጋለሁ። ቪዛውስ?

የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። ከሰኔ 2024 ወዲህ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ልብ በሉ፦ የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2024 ላይ በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛው የመልስ መጠበቂያ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው እስከ 6 ወር ቀድሞ ስለሆነ ለጥር ጉዞ መስከረም ላይ ጀምሩ፤ መልሱ ሳይመጣ የማይመለስ ክፍያ ለማንም አትክፈሉ። ከሸንገን አገሮች በአንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ግን ሌላ ቪዛ ሳያስፈልገው ይገባል። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት የያዘም እንዲሁ።

ስኪ ነክቼ አላውቅም፤ ዕድሜዬም 45 አልፏል። ይሆናል?

ይሆናል። እኔ ራሴ የጀመርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው። ግን ያለ አስተማሪ አትጀምሩ፤ ጓደኛ ሲያስተምር ወይ ወዳጅነቱ ወይ ጉልበቱ ይጎዳል። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን በቡድን ትምህርት ውሰዱ። ለእነዚያ ቀናት ትልቁን ትኬት አትግዙ። ካፕሩን ውስጥ ያለችው ሌህነርበርግ ትንሽ የጀማሪ ጉብታ ናት፤ ማይስኮግል የሚባለውም ለቤተሰብ የሚመች ነው። ለእንዲህ ያሉ መለማመጃዎች ምን ዓይነት አነስ ያለ ትኬት እንዳለ የስኪ ትምህርት ቤቱ ይነግራችኋል።

በኦስትሪያ ሰማያዊ ምልክት ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ መስመር ነው። ሽሚተንሆሄ ላይ ሰማያዊዎቹ ከላይ ናቸው፤ ወደ ከተማዋ የሚወርዱት ግን ለጀማሪ አይደሉም። ላይ ላዩን ተንሸራታችሁ በኬብል ካር ውረዱ፤ ይህን የሚያደርገው ብዙ ሰው ነው።

አንድ ሕግ ከሁሉ በፊት ያዙ፦ ከእናንተ በታች ያለው ሰው ቅድሚያ አለው። እሱ አያያችሁም፤ እናንተ ታዩታላችሁ።

ጫማውን ከየት? እንዴት ልለካ?

ተከራዩ። ቡት የስኪው ነፍስ ነው፤ ስኪው ራሱ እንኳን ሁለተኛ ነው። ስትለኩ እንዲህ አድርጉ። አንድ ቀጭን፣ ረጅም ካልሲ ብቻ አጥልቁ፤ ሁለት ካልሲ ደራርቦ መልበስ እግሩን ያጣብቅና ደም አያዘዋውርም፣ ይብስ ይበርዳል። ሱሪውን ቡቱ ውስጥ አትክተቱት፤ የሱሪው ስፌት አጥንቱ ላይ ተጭኖ ከሰዓት በኋላ ያሳብዳል። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ የቡቱን ጫፍ ነካ ማድረግ አለበት። ጉልበታችሁን ወደፊት ስታጥፉ ጣቱ ወደኋላ ይሸሻል፤ ተረከዙ ግን ከመቀመጫው መነሳት የለበትም። ተረከዙ ከተነሳ ቡቱ ሰፊ ነው፣ መልሱት። ባለቤቴ «ይመቸኛል» ብላ ሰፊውን ይዛ የሄደች ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ስኪው አልታዘዛትም ነበር፤ በአንድ ቁጥር ያነሰውን ስትቀይር በዚያው ቀን መታጠፍ ቻለች። ኪራይ ቤቶቹ ያለ ክፍያ ይቀይራሉ፤ አትፈሩ፣ ተመለሱ።

ልብስስ?

ከሥር ጥጥ አትልበሱ፤ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል። ሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ፣ ከላዩ ሞቅ ያለ ሹራብ፣ ከዚያ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። የስፖርት ዕቃ መደብሩ ዴካትሎን ወይም ያገለገለ የሚሸጥበት ቦታ በቂ ነው። በጓንትና በመነጽር ግን አትቆጥቡ። ጋቢውን አትርሱ፤ ለማታ ነው።

ከፍታው አያስቸግርም?

አዲስ አበባ ላደገ ሰው? የሽሚተንሆሄ ጫፍ 1965 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ወደ 2350 ሜትር ናት። ተራራው ጫፍ ላይ ቆማችሁ ከመርካቶ በታች ናችሁ። ኪትስሽታይንሆርን ነው እንጦጦን የሚስተካከለው። የሚያስቸግረው ብርዱና ከበረዶው ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ነው። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ክሬም ተቀቡ፣ ከንፈራችሁንም ቅባት አትንሱት።

ባለቤቴ ስኪ አትፈልግም። እዚያ ምን ታደርጋለች?

ለዚህ ነው ሐይቅ ያለበትን የምመርጠው። ሐይቁን የሚዞረው የእግር መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹን ሄዶ በአውቶቡስ መመለስ ይቻላል። ከተማው ውስጥ የቤት ውስጥ ዋናና ሳውና፣ በበረዶ ጫማ የሚንሸራተቱበት ሜዳም አለ። በኬብል ካር ያለ ስኪ ወጥቶ መውረጃ የእግረኛ ትኬት ይሸጣል። ላይ ስትወጡ የኤልሳቤጥ ጸሎት ቤት አለች፤ ንግሥተ ነገሥት ኤልሳቤጥ፣ «ሲሲ» የሚሏት፣ በ1885 ተራራውን ለወጣችበት መታሰቢያ የተሠራች ናት። ከአጠገቧ ሆኖ ወደ ደቡብ የሆሄ ታወርን ተራሮችን ማየት ብቻውን ቀን ያስቆጥራል።

ባለቤቴ በበኩሏ ጠዋት ጠዋት ቴርሞስ ሻይ ይዛ ሐይቅ ዳር ካለ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ባለፈው ዓመት በውኃው ጫፍ ላይ በረዶ ሲሠራ ድምፁን ቀድታ ላከችልኝ፤ እንደ ክር ሲበጠስ ነው የሚሰማው። ከተራራው የማመጣው ፎቶ ሁሉ ያን አያህልም።

ሐይቁ ላይ በእግር መሄድ ይቻላል?

በደንብ ከቀዘቀዘና የከተማው አስተዳደር ከፈቀደ ብቻ። በየዓመቱ አይረጋም። ምልክት ካላያችሁ፣ ሌላ ሰው ሲሄድ ብታዩም፣ አትግቡ፤ ልጆችን በተለይ ያዙ።

ምግቡስ? የአሳማ ሥጋ አንበላም።

አንድ ቃል ያዙ፦ «ሽቫይን»፣ አሳማ ማለት ነው። ሽኒትስል ስታዙ «ፎም ሽቫይን» ከተጻፈ የአሳማ፣ «ፎም ካልብ» ከተባለ የጥጃ ነው። ምንም ካልተጻፈ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ርካሹ የአሳማ ነው። «ሽፔክ» የሚባለው በጨውና በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ሾርባና ድንች ውስጥ ይገባል። የአካባቢው ምግብ ካስኖከን ነው፤ የሊጥ ቁርጥራጭና አይብ በመጥበሻው እንዳለ ይቀርባል፣ ከላዩ ቡናማ የሆነ ሽንኩርት። ካይዘርሽማርን የተቆራረጠ ወፍራም ፓንኬክ ነው፤ ልጆች ሌላ አይጠይቁም።

በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ግን ተራራ ላይ ከድንች ጥብስና ከሰላጣ በቀር ብዙ አታገኙም፤ ወተትና ቅቤ የሌለበት ጥቂት ነው። ለዚያ ሽሮና በርበሬ፣ ድርቆሽም ያዙ። ከበረዶ ገብቶ የድርቆሽ ፍርፍር መብላት አልፕስ ላይ ከሚገኘው ሁሉ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

ቅዳሜ ከደረሳችሁ መጀመሪያ ሱፐርማርኬት ሂዱ። ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ እሁድ አብዛኞቹ አይከፍቱም።

ልጆችስ?

ከ6 ዓመት በታች ያሉ ትኬት ከገዛ ወላጅ ጋር ብዙውን ጊዜ በነጻ ይወጣሉ። እስከ 15 ዓመት ሄልሜት በሕግ ግዴታ ነው። ትምህርቱ ጠዋት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሮደል፣ የእንጨት ተንሸራታች፣ ተከራዩላቸው፤ ርካሽ ነው፣ ትኬትም ላያስፈልግ ይችላል።

ብጎዳስ?

የአውሮፓ የጤና ካርዳችሁ ሐኪም ቤቱን ይሸፍን ይሆናል፤ ከተራራ በሄሊኮፕተር መነሳትን ግን አይሸፍንም፤ ሂሳቡ ሺዎች ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ «የተራራ ማዳን» የሚለው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። የጀርመን ወይም የኦስትሪያ አልፕስ ክበብ አባል መሆንም ይህን ሽፋን ይሰጣል። በዚህ ላይ ከቆጠባችሁ ሌላው ቁጠባ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ካፕሩን ላይ ብዙ ሰው የሞተበት አደጋ ነበር ይባላል።

እውነት ነው። ኅዳር 11 ቀን 2000 ወደ ኪትስሽታይንሆርን በዋሻ ውስጥ የሚወጣ ባቡር በእሳት ተያይዞ 155 ሰዎች ሞቱ። ያ ባቡር ከዚያ ወዲህ ሰው አልጫነም፤ አሁን የሚወጣው በኬብል ካር ነው። ከሥር መታሰቢያ አለ። የምታልፉ ከሆነ ቆም በሉ፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ።

ስኪ ለእኛ ሰው ይሆናል? የሚያደርግ ሐበሻስ አለ?

አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ተወዳድሯል። እሱ የሮጠው በሜዳ ላይ የሚደረገውን ስኪ ነው፤ ጀርመኖች «ላንግላውፍ» ይሉታል።

እሱን ያነሳሁት ለኩራት ብቻ አይደለም። ላንግላውፍ ከሁሉ ርካሹ ስኪ ነው፤ ሊፍት የለውም፣ ኪራዩም ቀላል ነው፣ መውደቁም ለስላሳ ነው። በሹትዶርፍና በካፕሩን መካከል ያለው ሜዳ በረዶ ሲጥል መስመር ይወጣለታል። ቁልቁለት ለሚፈራ ሰው ከዚያ እንዲጀምር እመክራለሁ። ሳንባ ያለው ሕዝብ ነን፤ በሁለተኛው ቀን ታዩታላችሁ።

ስንት ቀን ይበቃል?

አምስት አዳር። ከእሁድ እስከ ዓርብ ያዙት፤ የቅዳሜው ግርግር ያመልጣችኋል፣ ቤቱም ይረክሳል። የመጨረሻው ቀን ስኪውን ከማታው መልሱት። ጠዋት ባቡሩ እስኪመጣ ሻንጣውን ጣቢያው ጋ አስቀምጡና ውኃው ዳር ውረዱ፤ ወደ ሳልዝቡርግ ስትመለሱ ሐይቁ የሚታየው በግራ በኩል ባሉት መስኮቶች ነው።